ጸሎቴ አዲስ አበባ ደረሰ

ባለቤቴ ጂንካ ውስጥ አስጎብኚ ነው። ትልቁን የጃፓንኛ ፈተና ካለፈ፣ የጃፓን ቱሪስቶችን ይዞ ቱርሚ የሚወርደው እሱ ነው ተብሏል፤ እኔ በጭንቀት አለቅሁ። ለማዳመጥ ፈተናው የሚለማመድበትን ድምፅ በስልኩ ከፍቶ፣ ተጋድሞ ልጃችንን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚያስተኛው። ልጁም ያለ ጃፓንኛ እንቅልፍ እምቢ አለ።

የፈተናው ቀን እሱ ስልኩን ይዞ አዲስ አበባ፣ እኔ ከሚጮህ ልጅ ጋር እዚህ። "ጌታ ሆይ፣ እባክህ አስተኛልኝ!" ብዬ ተንበረከክሁ። ልጁ ወይ ፍንክች!

ከሰዓት ደወለ።

"እንዴት ሆነልህ?"

"ንባቡ ጥሩ ነበር። ማዳመጡ ሲጀመር ግን…"

"ምን ሆንክ?"

"ተኛሁ። ፈታኟ ናት የቀሰቀሰችኝ።"

ላልቅስ ብዬ ሳቄ ቀደመኝ። ለከርሞ ቆሞ ያጠናል፤ እኔም ከእንግዲህ ስጸልይ ስም እጠራለሁ።