«ያዝ» የተባለው ማን ነበር?

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «የቡችሎች አክስት» (ሙሉ ስም በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ ይታያል)
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ በእንስሳት መድኃኒት መደብር የሽያጭ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ ሦስተኛው ቅያስ፣ ከተጠርጣሪዋ ቤት ትይዩ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20 እስከ 6፡05
ጉዳዩ፦ ሰውን በውሻ በማስነከስ የቀረበ አቤቱታ

እኔ ምስክር ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ከተጠርጣሪዋ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ ዝምድናም ጠብም የለኝም፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዳጅነት ግን አለኝ፣ እሱም ይጻፍልኝ ብያለሁ። ተጠርጣሪዋ ከማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ጡረታ የወጡ የ66 ዓመት ሴት ሲሆኑ፣ ሰፈሩ እትዬ ጥራዝ ይላቸዋል። ውሻው ጓንቲ ይባላል፤ መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ የፊት ቀኝ እግሩ ብቻ ነጭ በመሆኑ ነው። ዕድሜው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው።

ቃሌን የምሰጠው፣ እትዬ ጥራዝ አቤት ባዩን ፖስተኛ ሆን ብለው በውሻው አላስነከሱም ለማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገሩን ከሥሩ ካላስረዳሁ ግን አይገባም።

ጓንቲን ያመጣላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው። ብቻዎን ከሚቀመጡ ብሎ በጫማ ካርቶን አድርጎ ሲያመጣው ገና የአምስት ሳምንት ቡችላ ነበር። ቡችላ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ መለየት የለበትም፤ መናከስ እንደሚያምም የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነውና። እትዬ ጥራዝ የላም ወተት በሳህን ሞልተው ሰጥተውት በማግስቱ ቤቱን በሙሉ አበላሸው። ስደርስ ወለሉን እየወለወሉ ነበር። «እትዬ፣ ይሄ ጥጃ መሰለዎት እንዴ?» ብላቸው፣ «ታዲያ ምን ላድርገው፣ በዚህ ዕድሜዬ ጡት የለኝ!» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አመጋገቡን እኔ ተቆጣጠርኩ። እስከ ሦስት ወሩ በቀን አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ፣ እስከ ስድስት ወሩ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ። ሩዝ በሥጋ መረቅ፣ የተቀቀለ ጉበት፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት። ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። ቸኮላት መርዙ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል አንጀት ይበሳል። የሆድ ትል መድኃኒቱንና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በጊዜው ወስዷል፤ ካርዱን ለመርማሪው አሳይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ከአቤቱታው ጋር ምን እንደሚያገናኘው በመርማሪው ተጠይቄ፣ ውሻው ተርቦ ወይም ታሞ ያበደ ሳይሆን እንደ ሰው ልጅ ተይዞ ያደገ መሆኑን ለማስረዳት ነው ብያለሁ። እግረ መንገዴንም ቡችላ የባለቤትን አዲስ ጫማ የሚበላው ተንኮለኛ ሆኖ ሳይሆን ጥርስ ሲያበቅል ድዱ ስለሚበላው መሆኑን፣ ለዚህም በጥብቅ ቋጥረው ያቀዘቀዙት እርጥብ ጨርቅ ቢሰጠው እንደሚበጅ፣ ማንነቱ በመዝገብ ላይ መስፈር ለማያስፈልገው አንድ ጠያቂ አስረድቻለሁ። ወደ ጉዳዩ እንድመለስ ስለተነገረኝ ተመልሻለሁ።

ጓንቲ ስምንት ወር ሲሆነው፣ ከእትዬ ጥራዝ ግቢ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ተሰረቀ። «ይሄ ውሻ እንግዳ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ በር የሚከፍት ነው የሚመስለው፤ አንድ ነገር አስተምሪልኝ» አሉኝ። እኔም ያስተማርኩት በዱላ አይደለም። ውሻ በዱላ የሚማረው ዱላ መፍራት ብቻ ነው። ቃሉ አንድና አጭር ይሁን፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ውሻው ሲያደርገው ወዲያው በዚያው ቅጽበት ይሸለም፤ ትምህርቱ አሥር ደቂቃ አይለፍ፤ ለደንበኞቼ ሁሉ የምለው ይህንን ነው። አራት ቃል መረጥኩ። «ና»፣ «ቁጭ»፣ «ተው» እና «ያዝ»። ለ«ያዝ» መለማመጃ የሟች ባለቤታቸውን አሮጌ ኮት እጅጌ በጨርቅ ጠቅጥቄ እዘረጋለታለሁ፤ «ያዝ» ስለው እጅጌውን ይይዛል፤ «ተው» ስለው ይለቅቃል፤ ጉበቱን ይቀበላል። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ ወታደር ሆነ። እኔም ይህን በሰፈሩ ውስጥ ሳልኮራበት አልቀረሁም።

ያላሰብኩት ይኸውና። «ያዝ» ለሌባ ብቻ የሚባል ቃል አይደለም። ሰው ለሰው ብርጭቆ ሲያቀብል፣ መፋቂያ ሲሰጥ፣ ቁልፍ ሲመልስ የሚለው ቃል ነው። በእትዬ ጥራዝ ቤት ግን ለስድስት ወር ያህል ማንም አላስተዋለውም። ምክንያቱም እኔና እሳቸው፣ እንዲሁም የጎረቤት ሴቶች የምንባባለው «ያዢ» ነው። በዕድሜ ለገፉ ደግሞ «ይያዙ» ነው። የወንድማቸው ልጅ ሩቅ አገር ሥራ ይዟል። ባለቤቴ ውሻ ስለሚፈራ ከበሩ አያልፍም፤ እቃ የሚያቀብለው በአጥር ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ ግቢ ውስጥ አንድን ጎልማሳ ወንድ ፊት ለፊት ቆሞ «ያዝ» ያለው ሰው፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ አልነበረም።

ከፖስተኛው ጋር አስቀድሞ ቅሬታ ስለመኖሩ ተጠይቄ፣ አዎ ነበር ብያለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ፖስተኛው ከእህታቸው የመጣ ደብዳቤ በበሩ ላይ ወርውሮ ሲሄድ ጓንቲ አኝኮት፣ እትዬ ጥራዝ መንገድ ላይ ወጥተው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሁለተኛ ብትወረውር ወረቀቱን ትቶ አንተኑ ነው የሚያላምጥህ!» ብለውታል። ይህ የአነጋገራቸው ወግ ነው እንጂ ዛቻ አይደለም። እኔንም አንድ ቀን ጨው ያበዛሁበትን ሾርባ ቀምሰው «አንቺን ራስሽን ነው ቀቅሎ መብላት» ብለውኛል፤ እስካሁን አልበሉኝም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡10 ገደማ እኔ በእትዬ ጥራዝ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ከጓንቲ ጆሮ መዥገር እየለቀምኩ ነበር። ውሻው አልታሰረም። ፖስተኛው በሩን አንኳኩቶ ገባ። ያ ቅሬታ ከተፈጠረ ወዲህ ደብዳቤ በእጅ ሰጥቶ ማስፈረም ጀምሯል። መዝገቡን ከነእስክሪብቶው አቀረበላቸው፤ እትዬ ጥራዝ መነጽራቸውን ፈልገው ፈረሙ። ከዚያም እስክሪብቶውን ወደ እሱ ዘርግተው «ያዝ፣ የኔ ልጅ» አሉት። ፖስተኛው ለመቀበል እጁን ዘረጋ። እንግዲህ ለጓንቲ ሁሉም ነገር ተሟልቶለታል፤ ቃሉም አለ፣ የተዘረጋ እጅጌም አለ። ከጉልበቴ ስር ተፈትልኮ የፖስተኛውን የዩኒፎርም እጅጌ ከክንዱ በታች ያዘ።

ፖስተኛው «እናቴ ድረሽ!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ጥራዝ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወደ እኔ ዞረው፣ «ጉድ ፈላ! ያዘው! ኧረ ያዘው!» አሉ። ይህን ያሉት ውሻው ሰውየውን እንደያዘው ሲነግሩኝ ነው። እኔ ደንግጬ «ልቀቅ! ልቀቅ!» አልኩ፤ ይህን ቃል ውሻው ከቶ አልተማረም። ቃሌን የረሳሁት እኔው አስተማሪዋ ነኝ። በሦስተኛው ትዝ ብሎኝ «ተው!» ስለው ወዲያው ለቀቀ፤ ቁጭ ብሎም ጉበቱን እየጠበቀ አፌን አፌን አየኝ። ሁሉም ነገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። በሰውየው ክንድ ላይ ደም አላየሁም፤ የእጅጌው ቁልፍ ግን ተበጥሷል።

በአጥሩ ማዶ የፀጉር ማስተካከያ ቤታቸው ያለው ጋሽ ምላጭ በሰጡት ቃል፣ ተጠርጣሪዋ መጀመሪያ «ያዝ»፣ ቀጥለውም ሁለት ጊዜ «ያዘው» እያሉ ውሻውን ሲያዙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ማለታቸው ተነብቦልኛል። ጋሽ ምላጭ አልዋሹም። ለአንድ ደንበኛ የአንገት ፀጉር እየላጩ የሰሙትን ነው የተናገሩት። ይሁን እንጂ «ያዘው» ተብሎ ሲታዘዝና «ያዘው» ተብሎ ሲታዘን፣ ሲነገርም ሲጻፍም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በተናጋሪው ፊት ላይ ነው፤ ፊታቸውን ደግሞ ያየሁት እኔ ነኝ። እንደ ወረቀት ነበር የነጣው።

ይህን እያወቅሁ እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳልኩ ተጠይቄ፣ አፍሬ ነው ብያለሁ። ረቡዕ ጠዋት እትዬ ጥራዝ ተይዘው ሲሄዱ፣ ጓንቲም በቀንበር መሰል እንጨት አንገቱ ታንቆ መኪና ላይ ሲወጣ በመስኮቴ አይቻለሁ። ያኔም አልወጣሁም። ሥራ ቦታዬ ሄድኩ። ከሁለት ቡችሎች ጋር የመጣች አንዲት ደንበኛ «የዚያን አውሬ አሠልጣኝ ማን ይሆን?» ብላ ስትጠይቀኝ «እንጃ» አልኳት። ቡችሎቿን እየመዘንኩ «እንጃ» አልኳት። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው፣ ያ ውሻ ሲያይ ቀለሙ የሚጠፋ ሰውዬ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «አንቺ ሴት፣ ስምሽ ነው ወይስ እሳቸው ናቸው የሚያሳዝኑሽ?» አለኝ። ውሻው አርብ ጠዋት በመርፌ እንዲወገድ መወሰኑንም ከሱ ሰማሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት መጣሁ።

ቃሌ እውነት መሆኑን ለማጣራት ዛሬ ከረፋዱ 5 ሰዓት በጣቢያው ግቢ ሙከራ ተደርጓል። በቦታው መርማሪው፣ የጣቢያው አዛዥ፣ ሁለት የፖሊስ አባላት፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ፖስተኛውና እትዬ ጥራዝ ነበሩ። ጓንቲ አፉ ላይ ለስላሳ መሸፈኛ ተደርጎለት በረጅም ገመድ ታስሮ ቀረበ። መርማሪው ለሴቷ ፖሊስ ማኅደር አቀብለው «ያዢ» አሏት፤ ውሻው ጆሮውን በእግሩ አከከ። ለአዛዡ አቀብለው «ይያዙ» አሏቸው፤ ውሻው አዛጋ። አዛዡም «ማዕረግ ያውቃል ማለት ነው» ብለዋል። ቀጥሎ ለወንዱ ፖሊስ አቀብለው ገና «ያዝ» ከማለታቸው፣ ጓንቲ ገመዱን ወጥሮ በመሸፈኛው የፖሊሱን እጅጌ መግፋት ጀመረ። እኔ «ተው» ስለው ቁጭ ብሎ ሽልማቱን ጠበቀ። ፖሊሱ ማኅደሩን መሬት ጥሎ ደረጃው ላይ ወጥቶ ነበር፤ እሱም ወርዷል።

የእንስሳት ሐኪሙ፣ የፖስተኛውን ክንድ ያየው የሕክምና ባለሙያ የሰጠውን ወረቀት አንብበው፣ ጥርስ ያልነካው መሆኑን፣ ውሻውም ጤነኛና የተከተበ መሆኑን አረጋግጠዋል። ፖስተኛው ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ልክ ነው፣ ‹ያዝ፣ የኔ ልጅ› ነው ያሉኝ። ለውሻ ደግሞ የኔ ልጅ አይባልም» አለ። እትዬ ጥራዝ በዚህ መካከል «ለጓንቲማ እላለሁ!» በማለታቸው ጉዳዩ ሊበላሽ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ እኔ ክርናቸውን ስጎነትላቸው ዝም ብለዋል። ፖስተኛውም እስኪያነባ ስቆ፣ «ሁለት ቀን ሙሉ የጠላኝ መስሎኝ መንገድ ቀይሬ ስሄድ፣ ለካ ታዛዥ ሆኖ ነው!» በማለት አቤቱታውን በጽሑፍ አንስቷል።

አዛዡም ተጠርጣሪዋ በነፃ እንዲሄዱ፣ ውሻውም እንዲመለስላቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ግን እንዲታሰር አዘዋል። እኔ በበኩሌ ቃሉን ከውሻው ላይ ለመፍታት ግዴታ ገብቻለሁ። አፈታቱም እንዲህ ነው። ውሻን የተማረውን እርሳ ማለት አይቻልም፤ በላዩ ሌላ ማስተማር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቁጭ ባለበት «ያዝ» እያልን ከእጃችን ቁራሽ ጉበት እናቀብለዋለን፤ ዘሎ ከመጣ አይሰጠውም፤ ቁጭ ብሎ ከተቀበለ ይሰጠዋል። በወር ውስጥ «ያዝ» ለእሱም ለእኛ የሆነውን ይሆናል፤ ደግ ሰው የሚያቀብለው ነገር አለ ማለት ይሆናል። ለሌባ የሚሆን ቃል እንደማላስተምረው፣ መጮኹ እንደሚበቃም ተናግሬአለሁ።

ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ፣ አውቄም ዝም እንዳልኩ ለእትዬ ጥራዝ በመርማሪው ፊት ነግሬአቸዋለሁ። የጓንቲን ገመድ እጃቸው ላይ ጠቀለሉ። «ማክሰኞም ረቡዕም ታውቂ ነበር?» አሉኝ። «አውቅ ነበር» አልኳቸው። «እኔ እኮ እዚያ ውስጥ ሆኜ፣ ይቺ ልጅ ሳትመጣ የቀረችው ታማ ይሆናል ብዬ ነው የተጨነቅሁት» አሉኝ፤ ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ የደበቅሁትን ፊቴን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ቃል ቀስ ተብሎ ተነብቦልኝ፣ የእኔው ቃል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ የጨመርኩበት የለም፣ የደበቅሁትም የለም፤ ጥፋቱ ሁለት ቀን መዘግየቱ ብቻ ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ሲነበብ የነበሩ ታዛቢ፦ ፖስተኛው፣ ተፈርሟል