ሸህ ኡበይደላ ሂፕኖሲስን የፈተኑበት ቀን

ሸህ ኡበይደላ ከመርሳ መናኸሪያ በወልድያ ሚኒባስ ተሳፍረው ገና ወገባቸውን ሳያሳርፉ፣ ከጠንቋይ ጎን መቀመጣቸውን አወቁ። በምን አወቁ? በጆሯቸው ሰምተውታላ! ጎናቸው ያለው ጎረምሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «አዎ፣ ዓይኗን ጨፈነች፤ መንጋጋሽ በረዶ እንደያዘ አርገሽ አስቢ አልኳት፤ ከዚያ ጥርሷን ነቀሉላት። እሷ እቴ! ፈገግ ብላ ነው የተነሳችው!» እያለ ይፍለቀለቃል።

«አዑዙ ቢላህ!» አሉና ሸሁ ወደ መስኮቱ ሸሹ። መስኮቱ ጋ ግን ልጃቸው ኢሕሳን አለች፤ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ታስሯል። እናቷ ሳምቡሳ የምትጠብስበትን ዘይት ከምድጃ ላወርድ ስትል ነው የተገለበጠባት።

ከዘይቱ የባሰው ደግሞ መርሳ ጤና ጣቢያ የቁስሉ መታጠብ ሆነ። ፋሻው በተፈታ ቁጥር ጩኸቷ ግቢውን ያናጋዋል። ማስታገሻ ይሰጧታል፣ ያግዛትማል፣ ፍርሃቷን ግን አልቻለውም። ስለዚህ ሸሁ ትከሻዋን ጭነው ይይዟታል። አባት አይደሉ? ሌላ ማን ይያዛት! ብቻ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እንኳ ሊያጎርሷት እጃቸውን ሲዘረጉ ክው ትላለች። ያለፈውን ቀጠሮማ «ብትገድሉኝም አልሄድ!» ብላ ቀረች። ሐኪሙ ደግሞ አስጠንቅቋል፤ ቁስሉ በደንብ ካልታጠበና ጣቶቿን ካላፍታታች፣ እጇ እንደተጨበጠ ይቀራል። ገና ለጋ ልጅ፣ ያውም ቀኝ እጅ! ጤና ጣቢያው ወደ ወልድያ ሆስፒታል ስለላካት፣ ዛሬ ያሳፈሯት በልመናና በቁጣ ነው።

ጎረምሳው ስልኩን ሲዘጋ ሸሁ አላስቻላቸውም።

«ስማ አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«ሂሻም እባላለሁ አባባ። የሲሪንቃው የጀብሪል የልጅ ልጅ ነኝ። ወልድያ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፣ ቁስል ማጠቢያ ክፍል።»

«የጀብሪል! ያ አላህን ፈሪ ሰው! ይሄን ሲህርህን፣ ይሄን ድግምትህን ያውቃል?»

«ኧረ ሲህር አይደለም፤ ሕክምና ነው። ሂፕኖሲስ ይባላል። ተምሬው ነው።»

«ሲህርም ትምህርት አለው!»

ይሄኔ የሚኒባሱ ረዳት ከበሩ ዞር ብሎ፣ «ወንድሜ፣ የፈለግከውን አስተኛ፤ ሾፌሩን ግን እንዳትነካብን!» አለ። መኪናው በሳቅ ተናጋ። ሸሁ ግን አልሳቁም። የሰው ልጅ ያላወቀውን ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚያወጣለት ስም ጥንቆላ ነው፤ ድሮ መርፌም ራዲዮም ይህ ስም ደርሷቸው ነበር።

«አባባ፣ አንደኛ ነገር እንቅልፍ አይደለም» አለ ሂሻም፣ ወደሳቸው እየዞረ። «ሰውየው ይሰማል፣ ይናገራል፣ ካልፈለገ ዓይኑን ገልጦ ይነሳል። እኛ ሐሳቡን ከሕመሙ ላይ አንስተን ሌላ ቦታ እንዲያሳርፈው ነው የምናግዘው። ልክ እርስዎ መንዙማ ላይ ቁጭ ብለው እግርዎ ሲደነዝዝ...»

«ቁም! መንዙማን ከዚህ ጋር እንዳትቀላቅል!»

«አፉ በሉኝ፤ አጠፋሁ።» ልጁ ከልቡ ደነገጠ። ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፣ ሥራዎ ምንድነው አባባ?» አለ።

«አትክልት አለኝ። ማንጎና ብርቱካን።»

«በቃ! ብርቱካን ሲለቅሙ እሾህ ቧጭሮዎት፣ ደሙን ቤት ገብተው አይተውት አያውቁም?»

ሸሁ ክንዳቸውን ዳበስ አደረጉ። ስንቴ! ሚስታቸው ለይላ ናት ሁሌ «ይሄ ደም ምንድነው?» የምትላቸው።

«እሱማ ሥራ ስለያዘኝ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱን እኮ ነው የምልዎት! ቁስሉ ነበር፣ ሐሳብዎ ግን እዚያ አልነበረም። እኛ ይህንኑ ተምረን፣ በሰውየው ፈቃድ እናደርገዋለን። ማስታገሻውን አናስቀርም፤ በላዩ ላይ እንጨምርበታለን። ደግሞ አልዋሽዎትም፣ ሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። አንዱን በጣም ያቀልለታል፣ አንዱን ትንሽ፣ አንዱን ጭራሽ ምንም።»

ይቺ «አልዋሽዎትም» ሸሁን ቆም አደረገቻቸው። በዕድሜያቸው የሰሟቸው አዋቂ ነን ባዮች ሁሉ «የማልፈውሰው የለም» ባዮች ናቸው። ይሄ ልጅ ደግሞ በገዛ አፉ ሥራውን ያሳንሳል! ቢሆንም እጅ አልሰጡም።

«ልቧን ከፍተህ ምስጢሯን ብታወጣትስ? እንዲህ አርጊ ስትላት እሺ ብትልህስ?»

«ያልፈለገችውን አንድ ቃል አላናግራትም፤ አልችልምም። ለዚያም ነው ወላጅ አጠገቧ የሚቀመጠው። ግን ማንን ነው የምንለው አባባ? እኔ ስለ ማንም አላወራሁም።»

ሸሁ ምላሳቸውን ነከሱ። ለካ በልባቸው ኢሕሳንን አስገብተዋት ኖሯል!

ከመስኮቱ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ እኔ እሞክረዋለሁ።»

«አንቺ ዝም በይ!»

«እጁ የኔ አይደል?»

«ኢሕሳን!»

«ከምትይዘኝ ይሻለኛል» አለችና ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

ሸሁ ዘይቱ የሳቸው ደረት ላይ የፈሰሰ ያህል ተሰማቸው። ለእሷ ብለው ነበር እኮ የያዟት! ሲሪንቃን አልፈው ወልድያ እስኪቃረቡ የልጃቸውን ፋሻ ሲያዩ ቆዩ። መናኸሪያው ሊታይ ሲል ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ስማ የጀብሪል ልጅ። እኔ አጠገቧ ሆኜ ከቁርኣን አየተል ኩርሲን እቀራለሁ። ሲህር ከሆነ እዚያው ይፈርሳል፤ ጅንም ካለህ ጥሎህ ይሮጣል!»

ሂሻም ፊቱ በራ። «ወላሂ ደስ ይለኛል! ጮክ ብለው ይቅሩ።»

ሸሁ ግራ ገባቸው። ጠንቋይ መቼም «ቅሩብኝ» አይልም።

ከመናኸሪያው በባጃጅ ሆስፒታል ደረሱ። ሂሻም ነጭ ጋዋኑን ለበሰ። መጀመሪያ ኢሕሳን ማስታገሻዋን ዋጠች፤ እስኪሠራላት ጠበቁ። ከዚያ ሂሻም ወንበር ስቦ ጎኗ ተቀመጠ። ሸሁ እሳት ወይ ጭስ ወይ የሚወዛወዝ ነገር ያወጣል ብለው በዓይናቸው ቢፈልጉ፣ ከባዶ እጁ በቀር ምንም የለም።

«ኢሕሳን፣ አሁን የትም መሆን ብትችዪ የት ትሆኛለሽ?»

«አባዬ አትክልት ውስጥ። ቦዩ ጋ።»

«እሺ። ዓይንሽን መጨፈን ከፈለግሽ ጨፍኚ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ጥላው ስር ነሽ። እጅሽን ውሃው ውስጥ ስትከቺው ይታይሻል? ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ዝም ብሎ በጣቶችሽ መሃል ያልፋል...»

የልጅቷ ትከሻ ወረደ። ትንፋሿ ረዘመ። የቁስል ነርሷ ሲስተር ትዕግስት ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ሸሁ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ብድግ ብለው ትከሻዋን ሊጭኑ እጃቸውን ላኩ። ሂሻም በዓይኑ «ይተዉ» አላቸው። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ያኔ ፈተናቸው ትዝ አላቸው፤ ጉሮሯቸውን ከፍተው አየተል ኩርሲውን ለቀቁት! ክፍሉ አስተጋባ።

ምንም አልፈረሰም። ማንም ጥሎ አልሮጠም። ኢሕሳን ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አባዬ፣ ቀስ ብለህ ቅራ» አለች። «ውሃው ጋ ነኝ፤ ድምፅህ ደስ ይላል።»

ሸሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። ልጃቸው ትሰማለች፣ ታወራለች፣ ታውቃቸዋለች! የታለ ታዲያ ሲህሩ? የተጣበቀው ጨርቅ ሲላቀቅ ፊቷ ኮሶ እንደጠጣ ተጨማደደ፤ አልተደበቀም፣ አሟታል። ሂሻም «ውሃውን ጠለቅ አርጊው» አላት፤ ረጅም ተነፈሰች፤ አለፈ። በዚያ መሃል ነው ግራ እጇ አልጋው ላይ እየዳበሰ መጥቶ የሸሁን ጣቶች ጭብጥ ያደረገው።

«አሁን ጣቶችሽን ክፈቻቸው» አለች ሲስተር ትዕግስት።

አውራ ጣቷ ተነቃነቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌሎቹ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ቀስ እያሉ፣ እንደ ብርቱካን አበባ ተከፈቱ። ሸሁ የሚቀሩት ጠፋቸው። «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ብቻ ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ሚስታቸው ጋ ሲደውሉ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ይሰማቸው ነበር፤ ስልክ ሲያወሩ መርሳ ድረስ በድምፃቸው የሚያደርሱት ይመስል ይጮሃሉ።

«ለይላ! ተከፈተ! ጣቷ ሁሉ ተከፈተ!... ኧረ ሲህር አይደለም፣ እኔ ራሴ ቀርቼ ፈትኜዋለሁ!... አትተኛም፣ አወራችኝ እኮ!... አዎ፣ ማስታገሻዋን ወስዳለች፣ መድኃኒቱ አይቀርም። ይሄ ሐሳቧን ከፍርሃቱ ያወጣላታል፤ ፍርሃቱ ሲወጣ ሕመሙም ይቀንሳል፤ ሕመሙ ሲቀንስ ቀጠሮ አትቀርም፤ ቀጠሮ ካልቀረች እጇ ይድናል! ገባሽ? ለጥርስ ነቀላም፣ ለምጥም ያግዛል አለኝ ልጁ... ኧረ ማንም መንደር ውስጥ ተነስቶ አስተኛለሁ ቢልሽ እንዳትሰሚው! የተማረ ባለሙያ ነው የሚሠራው፣ በፈቃድ፣ ሰው እያየ። ሁሉም ላይ እኩል አይሠራም፤ አልዋሽሽም!»

ሂሻም በሩ ላይ ቆሞ ሳቁን ዋጠ። ከስልኩ ውስጥ የለይላ ድምፅ መጣ። እናት ናትና ሌላውን ሁሉ ትታ አንዲት ነገር ጠየቀች።

«ታዲያ ማን ያዛት?»

ሸህ ኡበይደላ ዝቅ ብለው አዩ። ኢሕሳን አዲስ ፋሻዋን ታቅፋ ከጎናቸው ተደግፋለች፤ ግራ እጇ አሁንም ጣታቸውን አልለቀቀም።

«ማንም» አሉ። «እሷ ናት እኔን የያዘችኝ።»