የእህቴ ጌሾ ግምት

በእኛ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ሽማግሌ ተብሎ በሕዝብ መመረጥ ከሹመት ይበልጥ ነበር፤ እኔንም ያጠፋኝ እሱ ነው። ያ ትልቁ የመብራት መስመር በዳባት በኩል ሊያልፍ ነው ተባለ፣ ታዲያ ማሳው ላይ ብረት የሚቆምበት፣ ተክሉ የሚቆረጥበት ገበሬ ካሳ ይገባዋልና ገማች ኮሚቴ ምረጡ አሉን። ሕዝቡ በአንድ አፍ «እሱ አያዳላም!» ብሎ እኔን አወጣኝ። ሰማችሁ? አያዳላም! ቃሏን ወደድኋት።

ታዲያ ከኮሚቴው ሊቀመንበርና ካሳውን ሊመዘግብ ከተላከው ባለሙያ ጋር ማሳ ለማሳ እንዞራለን፣ ባለሙያው በሜትር ይለካል፣ እኛ «ይህ የደረሰ ነው፣ ይህ ችግኝ ነው» እንላለን፣ እሱ ይጽፋል። ለሰዉ ለጋስ ነበርን፣ አልዋሽም። የጎረቤቴን ጭራሮ የመሰለ ባሕር ዛፍ «ማገር ይወጣዋል» ያልሁ እኔ ነኝ።

እና በሦስተኛው ቀን እህቴ ዘንድ ደረስን። ይታይሽ ትባላለች፣ ታናሼ ናት፣ ባሏ የሞተባት። ኑሮዋ ከቤቷ ጀርባ ያለው ጌሾ ነው፤ ቅጠሉን ለቅማ፣ አድርቃ፣ ዳባት ገበያ እየሸጠች ነው ልጇን ያሳደገች። ግንዱ ይኸው፣ ክንዴን ያህላል! ሁሉም መስመሩ ስር ገባ። ባለሙያው እስክሪብቶውን ይዞ «አባት፣ ይህስ?» አለኝ። ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እና እኔ «ለጋ ነው፣ አምና የተተከለ» አልሁ።

አምና! ልጇ ስትወለድ የተተከለውን!

ሰዉ «ወይ ሰው! ለእህቱ እንኳ አላደላ!» ይላል። ይታይሽ መቀነቷን ይዛ ቆማለች። ሰዉ ዘወር ሲል ጠጋ አለችና «ጋሼ፣ አንተ አይደለህ ጉድጓዱን የቆፈርህልኝ?» አለችኝ። «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አልኋት። ይህንን ነው ያልኋት።

ካሳዋ የአንድ ክረምት ቀለብ አልሆነም። ጌሾው ተመንግሎ ብረቱ ቆመ፣ እሷም ቤቷን ዘግታ ደባርቅ ልጇ ዘንድ ገባች፣ ያቺ የሰው እጅ አይታ የማታውቅ! ልጠይቃት ስሄድ «እንደምን አሉ? ይቀመጡ» ትለኛለች። አንቱ አለችኝ! የአንድ እናት ልጅ! አንቱታ እንዲያ ሲመር አይቼ አላውቅም።

ምን አልሽ ልጄ? ይቅርታ አልጠየቋትም ወይ? ልጠይቅ ሄጄ ነበር እንጂ! አንድ ጊዜ ማርም ይዤ ሄድሁ። ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ ከብቱ አወራሁ፣ እሷም «እህ፣ እህ» አለች፣ ከዚያ ተነሥቼ ወጣሁ። በሁዳዴ አረፈች። ማሩን ልጇ ሳትከፍተው መለሰችልኝ።

አይ፣ አታጽናኚኝ። «መቼስ ግዴታዎ ሆኖ ነው» አትበይኝ። ያን ጠዋት እደጇ ሳንደርስ ሊቀመንበሩ ወደ ጎን ጎትቶ «እህትህ ናት፣ ዛሬ ዕረፍ፣ ሌላ ሰው ይገምት፣ ደንቡም እንደዚያው ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ «የለም፣ ራሴ እገምታለሁ!» ያልሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰዉ እንዲሰማ። እህቴን ለምስጋና ሸጥኋት፤ ሌላ ስም የለውም።