ቅሬው ያላስቀመጣቸው ልጆች

አያ ሙሄዲን ያን ማለዳ ደሴ መናኸሪያ ላይ የሚያውቃቸው ሰው ባይገጥማቸው ይመርጡ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የሸሹት ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ይቀመጣል! ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲገቡ መምህር ጀሚል መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ አገኙት። ጀሚል የጎረቤታቸው የከድጃ ልጅ ነው፤ ደሴ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ገራዶ ተመልሶ ያስተምራል።

«አሰላሙ ዓለይኩም አያ ሙሄዲን! በማለዳው በሰላም ነው?» አለ ቦታውን እየለቀቀላቸው።

«ወዓለይኩም ሰላም። እንዲያው ትንሽ ጉዳይ ነገር ነው» አሉ።

ጉዳዩ ግን ትንሽ አልነበረም። አያ ሙሄዲን በገራዶ ዳር ያለ የአንድ ሰፈር የቅሬ ዳኛ ናቸው። እስላም ይሙት ክርስቲያን፣ ጀናዛውን የሚያነሳው፣ መቃብሩን የሚቆፍረው፣ ለቀስተኛውን የሚያበላው ቅሬ ነው፤ ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ታዲያ ወጣቱ ተራ በተራ ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዐረብ አገር ሲነጉድ ቆፋሪ ጠፋ። ባለፈው ክረምት የሽማግሌን መቃብር ሽማግሌዎች ቆፈሩ፤ አንደኛው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ። አያ ሙሄዲን ተቆጡና ደንብ አወጡ፦ ልጁ አገር ጥሎ የሄደበት አባወራ ልጁን ካልመለሰ ከቅሬ ይውጣ፣ እሳት አይጫርለት፣ ውሃ አይቀዳለት። ሰፈሩም «ይበጃል» ብሎ ተቀበለ። ደንቡ ገና ሳይቀዘቅዝ የገዛ ልጃቸው ሀናን ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ኮምቦልቻ ወረደች። መጪው ጁምዓ ቅሬው ይቀመጣል። እስከዚያ ልጂቱን ካላመጡ፣ በገዛ አፋቸው የገዛ ቤታቸውን ከሰው ተራ ሊያስወጡ ነው።

«ሀናንን ሊያመጡ ነው አይደል?» አለ ጀሚል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን ነገረህ?»

«እኛ ሰፈር ደግሞ ምን ይደበቃል!»

«እንግዲያው ሳቅብኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች በለኝ።»

«ኧረ አውፍ ይበሉኝ፣ ምን አስቆኝ! አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ልጆቹ የሚሄዱት ለምን ይመስልዎታል?»

«የከተማ መብራት አማልሏቸው ነዋ! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ነው ነገሩ። በእኛ ጊዜ አባት ተቀመጥ ካለ ይቀመጡ ነበር።»

«በእናንተ ጊዜ አባት ተቀመጥ የሚለው የሚቀመጡበትን መሬት ሰጥቶ ነው። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ እርስዎ ለየትኛው ልጅዎ የቱን መሬት ቆርሰው ይሰጣሉ?»

እውነቱን ለመናገር ይቺ ነገር አያ ሙሄዲንን ነክታቸዋለች። ማሳቸው ተካፍሎ ተካፍሎ የአንድ በሬ መዞሪያ አክሏል። ግን ዳኛ ናቸውና ቶሎ እጅ አልሰጡም።

«መሬት እኔ አልፈጥር! ቅሬው ግን ምን በደላቸው? የአባቶቻቸውን ቅሬ ለምን ይጥላሉ?»

«ቅሬው መቼ ያዛቸውና ይጥሉታል? እኔን ይዩኝ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አስተምራለሁ፤ ሚስት ስላላገባሁ ግን ቅሬ ሲቀመጥ ከአጥር ውጭ እቆማለሁ። ድንኳን ትከል ስባል እተክላለሁ፣ ቆፍር ስባል እቆፍራለሁ፤ ምን ትላለህ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። አሁን እኮ የሚያቦካውም ጠፋ፣ ጦማችንን ልናድር ነው!»

ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሳቁ። አያ ሙሄዲንም ሳቅ መጣባቸውና በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መኪናው ቁልቁለቱን እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ ከታች ይመጣ ጀመር።

«እሺ ሊቁ! አንተ ዳኛ ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር?»

«ያላገቡትን ወንድም ሴትም ምንጣፉ ላይ አስቀምጥ ነበር። ከቅሬው ዕቃ ቤት ጀርባ፣ መንገዱ ዳር ያለው ባዶ ቦታ ቁልቋል በቅሎበት ነው ያለው። ልጆቹ እንጨትና ብረት ሥራ እንሠራለን ብለው ተደራጅተው ነበር፤ መሥሪያ ቦታ ሲያጡ ተበተኑ። ያንን ቦታ ለእነሱ። ውሃ ከሚገባበት የቅሬው መሬት ደግሞ ለሴቶቹ፤ ካሮትና ሽንኩርት ያልሙበት፣ የደሴ ገበያ ቅርብ ነው። የሄደውንም አትርገሙት። ኮምቦልቻ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡበት አገር ነው፤ እዚያው ሆኖ ቅሬተኛ ይሁን፣ ሰው ሲሞት ይደወልለት፣ ይመጣል። እናንተ በሩን ከዘጋችሁበት ግን ከኮምቦልቻ የሚሄደው ወደ ጅዳ ነው።»

ጅዳ ሲባል አያ ሙሄዲን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የእህታቸው ልጅ ሸሪፋ ጅዳ ከገባች ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል፤ እናቷ ስልክ በጮኸ ቁጥር እሷ እየመሰለቻት ትሮጣለች።

«ተምረህ አፍህ ብቻ ነው የሰላው» አሉ በመጨረሻ። «ደንብ ደንብ ነው፤ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።»

«አላህ ያቅናልዎ» አለ ጀሚል፤ ከዚህ በኋላ አልጨቀጨቃቸውም። ሽማግሌን ከልክ በላይ መሞገት ነውር መሆኑን ዩኒቨርሲቲ አላስረሳውም።

ልጂቱ በተቀጠረችበት ፋብሪካ በር ላይ ፈረቃው ተለውጦ ሴቶቹ ሲወጡ፣ ሀናን አባቷን ገና ከሩቅ አይታ ሮጠች። ጸጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ ትከሻዋን ይዘው አቀኗት።

«እናቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ልብስሽን ያዥና ነይ፣ አገርሽ እንግባ።»

አያ ሙሄዲን እንቢ ትላለች ብለው ቁጣቸውን አዘጋጅተው ነበር። ልጂቱ ግን እንባዋ እየመጣ «እሺ» አለች። «እሺ አባቴ፣ እመጣለሁ። ግን ተመልሼ ምን ሆኜ ልኑር?»

አፋቸውን ከፈቱ። እንጨት ልቀሚ እንዳይሏት አሥረኛ ክፍል አስጨርሰዋታል። አግቢ እንዳይሏት፣ ማንን? ጎረምሳው ሁሉ ሄዶ የለ! እንቢ የሚልን ልጅ መቆጣት ቀላል ነው፤ እሺ ብላ ለምትጠይቅ ልጅ ግን መልስ ያስፈልጋል። እዚያው አቧራው ላይ ቆመው፣ የልጃቸውን እጅ እንደያዙ፣ አለቀሱ።

«ተይው፣ ሥራሽን ሥሪ» አሏት። «ጁምዓ ግን ነይልኝ፤ ቅሬ ላይ እፈልግሻለሁ።»

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቅሬው ተቀመጠ። አያ ሙሄዲን ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ አልተመለሰችም፤ ቅሪ ያልኋትም እኔው ነኝ። ስለዚህ በደንቡ መሠረት አስቀድማችሁ እኔን አስወጡኝ። እኔን አናስወጣም ካላችሁ ደንቡን አስወጡት!»

ከዚያም ጀሚል መኪናው ውስጥ የነገራቸውን፣ ያላገቡትን ስለ ማስቀመጥ፣ ስለ ባዶው ቦታና ውሃ ስለሚገባበት መሬት፣ አንድ በአንድ አስረዱ። ኋላ ጋሽ ቀለሙ፣ ከክርስቲያኖቹ በዕድሜ ትልቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወላሂ ብዬ እንዳልምል ክርስቲያን ነኝ» አሉ፤ «ግን እውነቱን ነው። ልጆቹ ይግቡ።» ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጡ ያጉረመረመ ሰው አልጠፋም፤ ሀናን ግን ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ቀረ፣ ማንም አልሄደም ብል ዋሾ እሆናለሁ። የሚሄድ ይሄዳል። ነገር ግን ቁልቋሉ ተመንጥሮ የበርና የመስኮት መሥሪያ ቆመ፤ ጀሚል የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ወንበሮች ከዚያው ወጡ። ከመስኖው ዳር ሴቶቹ ካሮት ነቅለው ደሴ ገበያ ያወጣሉ። የኮምቦልቻዎቹም ከሀናን ጋር ሆነው ቅሬተኛ ሆኑ፤ ከእነሱ አንዳንዱ ሙያ ይዞ ተመልሷል።

በዓመቱ እቴ ጣይባ ሞቱ። አንድም ልጅ ያልወለዱ፣ ሰው ያልነበራቸው አሮጊት ነበሩ። ስልክ ተደወለ፤ ከኮምቦልቻ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ወጣት መጣ። ሽማግሌዎቹ አካፋ ሊያነሡ ሲሉ ልጆቹ ቀሟቸውና ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ልጅ ያልወለዱት ሴት በልጆች ትከሻ ላይ ሄዱ። አያ ሙሄዲን ቆመው አዩና እንባቸው ወረደ፤ ለእቴ ጣይባ ያዘኑ የመሰለው ሰው ብዙ ነበር፤ እሳቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ሞት መፍራት ትተው ነበር።