ሳይፈተን የማይወጣ ጎማ

(ባህር ዳር፣ ከገበያው ጀርባ፣ የጋሽ ቸኮል የብስክሌት መጠገኛ፤ የሴቶች ብስክሌት ቡድን አሰልጣኝ የሆነው ፈንታሁን የተጣመመ ጎማ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጋሽ ቸኮል ከሥራቸው ቀና አላሉም።)

ፈንታሁን፦ ቢያንስ አንዴ ይዩትና እምቢ ይበሉኝ። ሳያዩ እምቢ ማለት ምን ይባላል?

ቸኮል፦ አየሁት እኮ። ስትገባ እንቅብ ልታስጠግን የመጣህ መስሎኝ ነበር።

ፈንታሁን፦ ይቀልዱ፣ ግድ የለም። እሑድ ውድድር አለብን ጋሽ ቸኮል። እሑድም ልጆቼ መንገድ ላይ ከቀሩ ቡድኑ ይፈርሳል። በግልጽ ተነግሮኛል።

ቸኮል፦ ባለፈው የት ነበር የቀሩት?

ፈንታሁን፦ አልሰሙም እንዴ?

ቸኮል፦ ሰምቻለሁ። ካንተ አፍ ሲሆን ይጥማል ብዬ ነው።

ፈንታሁን፦ የጢስ ዓባይ መንገድ ላይ። ኮረኮንቹ ጋ ስንደርስ የአንዷ የኋላ ጎማ ታጠፈ። ትንሽ እልፍ እንዳልን የሌላዋ። ከዚያ የሦስተኛዋ።

ቸኮል፦ ከዚያስ?

ፈንታሁን፦ ከዚያማ አሸዋ የጫነ መኪና ለምኜ ወደ ከተማ መለስኋቸው።

ቸኮል፦ እሱ ነው እንግዲህ! «የፈንታሁን ልጆች መኪና ላይ ሆነው ገቡ» ሲሉኝ እኔ ዋንጫ በልተው መስሎኝ አጨበጨብሁ።

ፈንታሁን፦ አልጨረሱም?

ቸኮል፦ ገና መጀመሬ ነው። ተቀመጥ፣ እዚያች ሳጥን ላይ። ለመሆኑ በከተማው ጎማ ሠሪ አልቆ ነው እኔ ጋ የመጣኸው? ከዚህ በር እስከ ሐይቁ ዳር ያለው ወንድ ሁሉ የጎማ ሽቦ፣ ራጂ ያጠብቃል።

ፈንታሁን፦ ያልሄድሁበት የለም። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ አዲስ ጎማ አስመጣሁ፤ ፊት የሚያሳይ፣ የሚያብለጨልጭ።

ቸኮል፦ አየሁት፤ አሸዋው ላይ ሲያብለጨልጭ። ያን የሠራው ፋብሪካ ኮረኮንች በሥዕልም አይቶ አያውቅ። ከዚያስ?

ፈንታሁን፦ ጌጡ ጋ ወሰድሁ። ሲያስረክበኝ ክብ ነበር፤ ቤት ስደርስ እንቁላል ሆነ። ሙጨ ጋ ወሰድሁ። ራጂውን እንደ በገና አውታር ወጥሮ ወጥሮ፣ ልጅቷ ገና ስትቀመጥበት ጧ! ጧ! ርችት የተተኮሰ መሰለ።

ቸኮል፦ ሙጨ ማጥበቅ ከጀመረ ማቆም አያውቅም። ቀበቶውን አላየኸውም?

ፈንታሁን፦ የሚገርመው ግን ይኼ ነው። እያንዳንዳቸውን «ካንተ ሌላ ጎበዝ ማነው?» ስላቸው «ማንም!» ይላሉ። ተስፋ ቆርጬ በር ላይ ስደርስ ግን መልሰው ይጠሩኝና «የነፍስ ጉዳይ ከሆነ ቸኮል ጋ ሂድ» ይሉኛል።

ቸኮል፦ ጌጡም?

ፈንታሁን፦ ጌጡም።

ቸኮል፦ ጌጡ! እስኪ እንዴት አድርጎ አለው? ድገምልኝ።

ፈንታሁን፦ ጥርሱን ነክሶ።

ቸኮል፦ እሰይ! ጥርስ ተነክሶበት የወጣ ምስጋና አይዋሽም። በል፣ ያን እንቅብህን ወዲህ በለው።

ፈንታሁን፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ቸኮል፦ ልየው ነው ያልሁት። እምም። ይህን የምትነዳው ልጅ ምን ዓይነት ናት?

ፈንታሁን፦ ላባ ናት። ነፋስ ሲነሣ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል።

ቸኮል፦ ሌሎቹስ?

ፈንታሁን፦ ሁሉም ላባ ናቸው። መርጬ ነው የያዝኋቸው። ሚዛን ያላለፈች ልጅ እኔ ጋ አትሰለፍም።

ቸኮል፦ ይገርማል።

ፈንታሁን፦ ምኑ?

ቸኮል፦ አይ፣ እርጅና ነው መሰለኝ፣ ነገር እየተምታታብኝ ነው። አምና እዚችው ሳጥን ላይ ተቀምጦ «ልጅዎ አዝመራ ከባድ ናት፣ ጎማ ጨረሰችብኝ፣ ከቡድኑ ቀንሻታለሁ» ያለኝ ሰው አንተ ነበርህ ወይስ ሌላ?

ፈንታሁን፦ ጋሽ ቸኮል...

ቸኮል፦ መጠየቄ ነው። ከባዷ ከወጣች ጎማ መሰበሩ ይቆማል ብዬ እኔም ተጽናንቼ ነበር። ላባ ብረት ያጥፋል ብሎ ማን ይገምታል!

ፈንታሁን፦ ያለፈውን እንተወው።

ቸኮል፦ እንተወው። «የወጋ ቢረሳ» ይላሉ። የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ።

ፈንታሁን፦ እኔ አልወጋኋትም። ጠልቻትም አይደለም። ሚዛን ነው ያወጣት።

ቸኮል፦ ሚዛኑ ራሱ በእግሩ መጥቶ?

ፈንታሁን፦ እኔ ነኝ ያመጣሁት።

ቸኮል፦ በልጆቹ ሁሉ ፊት ክብደቷን ጮክ ብሎ ያነበበውስ?

ፈንታሁን፦ እሱስ ጥሩ አልነበረም። ቀስ ብዬ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

ቸኮል፦ በሬ የሚያሻሽጥ ደላላ እንኳ ጆሮ ላይ ጠጋ ብሎ ነው የሚናገረው። ይሁን። እሠራልሃለሁ።

ፈንታሁን፦ ምን አሉኝ?

ቸኮል፦ እሠራልሃለሁ። መሐሉ፣ ሞዞው ደህና ነው። ዙሪያውን ቸርኬውን እቀይራለሁ፤ ራጂውን አንድ ባንድ ሰክቼ አጠብቃለሁ። የሁሉንም ልጆች። ዓርብ ና።

ፈንታሁን፦ ዕድሜ ይስጥልኝ! እኔ እኮ ድሮም «ጋሽ ቸኮል ቂም አያውቁም» እል ነበር።

ቸኮል፦ ቆይ፣ ምርቃቱን አሁን አትጨርሰው። የዚህን ቤት ደንብ ታውቀዋለህ?

ፈንታሁን፦ ምን ደንብ?

ቸኮል፦ ጎማ ሳይፈተን ከዚህ አይወጣም። ብስክሌት ላይ ይገጠማል፣ ከኋላ ጤፍ ይጫናል፣ ከዚያ ከቤዛዊት ኮረብታ በድንጋዩ በኩል ቁልቁል ይለቀቃል። ታች ሲደርስ ክብ ከሆነ ይወጣል፤ ካልሆነ አፍርሼ እንደገና እጀምራለሁ። ለቄስም ለካድሬም ደንቡ አንድ ነው።

ፈንታሁን፦ ጥሩ ደንብ ነው። ማነው ይዞት የሚወርደው?

ቸኮል፦ አዝመራ ናታ።

ፈንታሁን፦ አዝመራ?

ቸኮል፦ እንዴ፣ ማን መሰለህ? ጌጡና ሙጨ ከእኔ የሚያንሱት በእጅ ይመስልሃል? እጃችን አንድ ነው። ይህን ግን እንዳትነግራቸው። እነሱ የሠሩትን የሚሰብርላቸው ሰው የላቸውም። እኔ ቤት ከባድ ልጅ ተወለደችልኝ። እሷ ስትሰብር እኔ ስጠግን፣ እሷ ስትሰብር እኔ ስጠግን፣ አንድ ቀን መስበር አቃታት። ያን ጊዜ ነው ጎማ ሠሪ የሆንሁት።

ፈንታሁን፦ እንግዲያው እኔ ራሴ ልፈትነው።

ቸኮል፦ አንተ? ቤዛዊት ላይ? ለሚስትህ ምን ብዬ ልንገራት?

ፈንታሁን፦ ከልጆቼ አንዷን ላምጣ።

ቸኮል፦ ላባዋን? ድመት ስለሄደችበት «ጣሪያው ጠንካራ ነው» ይባላል እንዴ?

ፈንታሁን፦ ጤፉን እጥፍ አድርገን ብንጭንስ?

ቸኮል፦ ጤፍ ወርዶ ሲያበቃ ያወራኛል? አዝመራ ታች ደርሳ «አባ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ በቀኝ በኩል አቃሰተ» ትለኛለች። ሳየው እውነትም በዚያ በኩል ራጂው ላልቷል። የእሷ ጆሮ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ መቀመጫዋ ላይ ነው።

ፈንታሁን፦ እሺ። ይንገሯታ።

ቸኮል፦ እኔ? አባቷ ነኝ፤ ውሃ አምጪ ብላት ታመጣለች። «ከባድ ነሽ ብሎ ላባረረሽ ሰው በክብደትሽ ጎማ ፈትሺለት» ብዬ ግን በየትኛው አፌ አዛታለሁ? አንተው ንገራት።

ፈንታሁን፦ የት ናት አሁን?

ቸኮል፦ መሸንቲ። ዳቦ ልታደርስ ሄዳለች።

ፈንታሁን፦ በብስክሌት?

ቸኮል፦ በምን ልትሄድ ነበር? ካንተ ስትወጣ የከባድ ሰው ሥራ አገኘች። ዳቦ ቤቱ ከፊትም ከኋላም ሳጥን አሰረላት። በየጠዋቱ ለመሸንቲ ሱቆች ታደርሳለች።

ፈንታሁን፦ ሩቅ አይደለም እንዴ? ዳቦው ይቀዘቅዛል።

ቸኮል፦ የት ቀዝቅዞ! ባለሱቆቹ «እጃችንን አቃጠለን፣ ትንሽ ቀስ ትበል» ብለው ለዳቦ ቤቱ አመለከቱ።

ፈንታሁን፦ መሸንቲ ድረስ? ሳይቀዘቅዝ?

ቸኮል፦ የቀዘቀዘ ዳቦ አይሸጥም ትላለች።

ፈንታሁን፦ ያን ሁሉ ዳገት፣ ጭና?

ቸኮል፦ ባዶዋን ምን ልትሠራ ትወጣዋለች?

ፈንታሁን፦ ጋሽ ቸኮል! ይህን ለምን ደበቁኝ?

ቸኮል፦ ሚዛንህ አልነገረህም?

ፈንታሁን፦ ይስሙኝ። ይስሙኝማ። እሑድ ትምጣ። ጎማውን እዚያው ውድድሩ ላይ ትፈትነው። በተጠባባቂነት።

ቸኮል፦ በምን?

ፈንታሁን፦ በተጠባባቂነት። ከልጆቹ አንዷን ቢያማት...

ቸኮል፦ የት ሆና ነው የምትጠብቀው? አሸዋው ላይ?

ፈንታሁን፦ ተጠባባቂው ይቅር። ከዋናዎቹ ጋር ትሰለፍ።

ቸኮል፦ እኔ ምን አልሁህ? ለልጄ ቦታ ስጥልኝ ብዬ ለመንሁህ?

ፈንታሁን፦ አልለመኑኝም።

ቸኮል፦ ጎማ እሠራልሃለሁ ከማለት ሌላ የተናገርሁት አለ?

ፈንታሁን፦ የለም። እኔው ነኝ። የቡድኑ መሪ ትሁን!

ቸኮል፦ ኧረ ፍሬን ያዝ፣ ቁልቁለት ላይ ነህ።

ፈንታሁን፦ ሚዛኑንም ወስጄ ሐይቁ ውስጥ እወረውረዋለሁ።

ቸኮል፦ ሚዛኑ ምን በደለ? ያየውን ነው የተናገረው። ልጄ ከባድ ናት፤ እኔስ መች ቀላል ናት አልሁ? እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ቤቴን ነፋስ አልወሰደውም።

ፈንታሁን፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ያዋረድኋት በልጆቹ ፊት ነው። በልጆቹ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ልምጣ?

ቸኮል፦ ድንጋዩ ይቅርብህ። አንተን ከባድ ነገር አይሆንልህም።

ፈንታሁን፦ ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል። ግን አባቷ ነዎት፣ ያውቋታል። እሺ ትለኛለች?

ቸኮል፦ መፈተኑን? እሱማ አልቋል። ትናንት ሙጨ በዚህ ሲያልፍ «ፈንታሁን ነገ ጎማውን ታቅፎ ይመጣባችኋል» ሲለን፣ አዝመራ «ይምጣ፣ እፈትንለታለሁ» ብላለች።

ፈንታሁን፦ ራሷ? ሳልለምናት?

ቸኮል፦ ራሷ።

ፈንታሁን፦ ታዲያ እኔን ይህን ሁሉ ምን አስለፈለፈኝ?

ቸኮል፦ አባትም ይቅርታ የሚሰማበት ጆሮ አለው።

ፈንታሁን፦ ይሁን፣ የሚገባኝ ነው። አየ ጨዋ ልጅ! ቂም የላትም ማለት ነው። እንግዲያው ዛሬውኑ ማልያ አሰፋላታለሁ፤ እሑድ ከፊት ሆና ልጆቼን ትመራልኛለች።

ቸኮል፦ መምራቱንስ ትመራቸዋለች፤ ግን እሑድ የምትገጥሙት የዳንግላ ቡድን ካስፈረማት ቆይቷል፤ ጎማህን የምትፈትንልህም «ቁልቁለቱ ላይ ከኋላዬ የሚመጡት ልጆች ወድቀው እንዳይጎዱ» ብላ ነው።