ፈታሽ የሆነው ምእመን

ታክሲ ውስጥ የማታውቁት ሰው ጨዋታ አስቋችሁ ያውቃል? ከአዳማ ወደ ቆቃ ስንሄድ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት ወታደር ያናግሩ ነበር።

«አዲስ የተመደብክ ትመስላለህ፤ ቤተ ክርስቲያን አገኘህ?»

«አገኘሁ እማማ፤ ግን አላስቀደስኩም።»

«ምነው ልጄ?»

«ዩኒፎርም ለብሼ ብሄድ፣ በሩ ላይ ያሉት ‹ተመስገን፣ ፈታሽ መጣልን› አሉኝ።»

«አንተስ?»

«ማስቀየም ፈርቼ ቅዳሴው እስኪያልቅ ስፈትሽ ቆየሁ።»

«አይ የኔ ጀግና! የእኔንም ቦርሳ በርብረህ ይሆናል! እሁድ የልጄን ነጠላ አመጣልሃለሁ፤ በሩ ላይ ጠብቀኝ። ማንንም እንዳትፈትሽ!»

«እሺ እማማ።»

«የክርስትና ስምህ ማነው?»

«ወልደ ሚካኤል። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የጠየቀኝ የለም።»

እኔም ወደ መስኮቱ ዞሬ ስሙን በልቤ ደገምኩት፤ እናንተም እሁድ ብቻውን የቆመ እንግዳ ካያችሁ ስሙን ጠይቁት።