«ሆዴ ነው» ያለን ታፔላ ጸሐፊ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ጓደኞቼ፤ ልትሸኙት ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ደግ ደጉን ብቻ እንዳወራ ተነግሮኛል። አልችልም። ተናድጃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታፔላ ጽፌያለሁ፤ መናደድ ይፈቀድልኝ።

ይህ «ማስመሪያ» የምትሉት ሰው፣ ሳያሰምር ፊደል ቀጥ የሚያደርግ ሰው፣ ስንት ዓመት «ሆዴ አልሠራ አለኝ» አለን? አሥር ዓመት! ማን ሰማው? አንዱ ሐኪም «ውሃ ጠጣ» አለው። ሌላው «ጭንቀት ነው» አለው። እኔስ? «ነገር በሆድህ ስለምትይዝ ነው» ብዬ ሳቅሁበት።

አንድ ቀን የቀለም ማቅጠኛው ቲነር ተደፋ። እኛ ዓይናችን እያነባ ወደ ደጅ ሮጥን። እሱ ቁጭ ብሎ ይቀባል። «አይሸትህም እንዴ?» አልኩት። «ምኑ?» አለኝ። ምኑ! ይህንንም ለሰው እንደ ቀልድ አወራሁት።

ከዚያ ፊደሉ ማነስ ጀመረ። የዳቦ ቤቱን ታፔላ በትልቁ ጀምሮ መጨረሻውን ጉንዳን አሳከለው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት «ይሄን በአጉሊ መነጽር ልናነበው ነው?» ብላ ታፔላውን መለሰችው። ቀጥሎ እጁ ተንቀጠቀጠ። ያኔ ደነገጥን። እጅ ሲሆን እንደነግጣለን፤ ሆድ ሲሆን እንስቃለን!

ወደ ነርቭ ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሟ «ፓርኪንሰን የሚባል የአንጎል በሽታ ነው፤ ሽታ መጥፋቱም ፊደል ማነሱም ከእሱ ነው» አለች። አስከትላም «ሆድዎስ እንዴት ነው?» አለችው። ወደ እኔ ዞረ። «ሰማህ? ጠየቀችኝ!» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐኪሟም፣ የአንጀት ግድግዳ ሲሳሳ መግባት የሌለበት ነገር ወደ ደም ሾልኮ ይገባል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ በሽታው ከዚያ ተነስቶ ወደ አንጎል ይወጣ እንደሆነ እየተጠና ነው፤ ገና አልተረጋገጠም አለችን። የሆድ ድርቀት ያለበት ሁሉ ይህ ይይዘዋል ማለት እንዳልሆነም ነገረችን።

ለጥናቱ ሰገራ የሚሰጥ ሰው ይፈለግ ነበር። ሚስቱ «ላንተ ምን ይጠቅምሃል?» አለችው። «አሥር ዓመት ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ዛሬ ሰው ለመነኝ፤ እምቢ ልበል?» አላት። አራት ዓመት ሙሉ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የሰገራውን ዕቃ ለማንም ሳያሲዝ ራሱ አደረሰ።

ወንድሜ፣ በእነዚያ አራት ዓመታት ይቅርታ ልጠይቅህ እችል ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ። ይኸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦ ልክ ነበርክ፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ። ደህና ሁን።